ከደሴቶቹ ሰዓት፣ ከባሕሩም ቀን ሳይጎድል፦ የካሪቢያን የመርከብ ጉዞ አመራረጥን በተመለከተ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄዎ በአጭሩ እንዲህ የሚል ነው። በመጪው የካቲት ከባለቤትዎና ከእናትዎ ጋር በካሪቢያን ባሕር ለመጀመሪያ ጊዜ የመርከብ ሽርሽር ለማድረግ አስበዋል፤ ከ7 እስከ 10 ሌሊት ጊዜ አለዎት። ባለቤትዎ ከሥራ ድካም ወጥተው ባሕሩን እያዩ ማረፍ ይፈልጋሉ፤ እርስዎ መዋኘትና የደሴቶቹን ከተሞች በእግር ማየት ይወዳሉ፣ የባሕር ማቅለሽለሽ ግን ያሰጋዎታል፤ እናትዎ ደግሞ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ደረጃ ይከብዳቸዋል። በእጅዎ ሁለት መርሐ ግብሮች አሉ። አንዱ ከፖርቶ ሪኮ ዋና ከተማ ከሳን ሁዋን ተነሥቶ በ7 ሌሊት አምስት ደሴቶችን የሚያዳርስና አንድ የባሕር ቀን ብቻ ያለው ሲሆን፣ ሌላው ከማያሚ ተነሥቶ በ7 ሌሊት ሦስት ቦታ የሚቆምና ሦስት የባሕር ቀናት ያሉት፣ በዋጋም ዝቅ ያለ ነው። ከሁለቱ የትኛው ሚዛናዊ እንደሆነ፣ ከሁለቱም የተሻለ ካለም እንድጠቁምዎ ጠይቀዋል።

በመጀመሪያ፣ ማስታወቂያዎቹ በጉልህ የሚጽፉትን የደሴቶች ብዛት ለጊዜው ወደ ጎን እንዲተዉት እለምንዎታለሁ። ስንት ደሴት እንደሚታይና ስንት ቀን በባሕር ላይ እንደሚያልፍ የሚወስነው በዋናነት የመነሻ ወደቡ ነው፤ ምክንያቱም መርከብ ከፍጥነቱ በላይ መሄድ አይችልም። ትልልቆቹ የሽርሽር መርከቦች አብዛኛውን ጊዜ ከ18 እስከ 22 ኖት ባለው ፍጥነት ይጓዛሉ፤ አንድ ኖት ማለት በሰዓት አንድ የባሕር ማይል ወይም 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። አመሻሽ ላይ ወደብ ለቆ ማለዳ ሌላ ወደብ የሚገባ መርከብ በ12 ሰዓት ውስጥ በ18 ኖት 216 የባሕር ማይል ያህል፣ ማለትም 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍናል። ሁለት ደሴቶች ከዚህ ርቀት በታች ከሆኑ መንገዱ እርስዎ ተኝተው ሳለ ያልቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆኑ ግን የባሕር ቀን የግድ ይመጣል። ከማያሚ እስከ ሴንት ቶማስ፣ ማለትም የማያሚው መርከብ ከሚቆምባቸው ደሴቶች እስከ አንዱ፣ ወደ 1000 የባሕር ማይል ስለሚጠጋ በ20 ኖት 50 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ የማያሚው መርሐ ግብር ሦስት የባሕር ቀናት የያዘው አዘጋጆቹ ለተጓዡ ዕረፍት አስበው ሳይሆን ርቀቱ ስላስገደዳቸው ነው። በአንጻሩ ከሳን ሁዋን ተነሥቶ ሴንት ቶማስ፣ ሴንት ኪትስ፣ አንቲጓ፣ ሴንት ሉሲያና ባርቤዶስ መድረስ በእያንዳንዱ እርከን የአንድ ሌሊት መንገድ ነው።

ይህ ነገር በካሪቢያን ብቻ የሚታይ አይደለም፤ ከሌሎች ባሕሮች ጋር ሲነጻጸርም ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ሀዋይን ለማየት ከአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ የሚነሣ ሰው ከሎስ አንጀለስ እስከ ሆኖሉሉ ያለውን ከ2200 የባሕር ማይል በላይ የሆነ ርቀት ለማቋረጥ በመሄጃም በመመለሻም አራት ወይም አምስት ቀን በውቅያኖስ ላይ ያሳልፋል። በዚያ ላይ በ1886 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የወጣው የአሜሪካ የመንገደኛ መርከቦች ሕግ የሌላ አገር ባንዲራ የሚያውለበልቡ መርከቦች ከአሜሪካ ወደብ ተነሥተው ወደዚያው ሲመለሱ በመካከሉ የውጭ አገር ወደብ እንዲነኩ ስለሚያስገድድ፣ ብዙዎቹ በሜክሲኮዋ ኤንሴናዳ ጥቂት ሰዓት ይቆማሉ። የአሜሪካ ባንዲራ የያዘችው ፕራይድ ኦፍ አሜሪካ ግን ከዚያው ከሆኖሉሉ ተነሥታ በ7 ሌሊት ደሴቶቹን ትዞራለች፤ በማዊና በካዋይ ታድራለች፤ ሙሉ የባሕር ቀን የሚባል የላትም። መድረሻቸው አንድ የሆነ ሁለት ጉዞዎች፣ በመነሻቸው ብቻ ይህን ያህል ይለያያሉ።

ሚዛን ለሚፈልግ ሰው እኔ ከሁሉም የምወደው ምሳሌ ቤርሙዳ ነው። ከኒው ዮርክ አካባቢ የሚነሡት የ7 ሌሊት ጉዞዎች ከአንድ ቀን በላይ በባሕር ላይ ተጉዘው ኪንግስ ዋርፍ በተባለው ወደብ ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት ታስረው ያድራሉ፤ ከዚያም በተመሳሳይ ሁኔታ ይመለሳሉ። ተጓዡ ባሕሩን በሙሉነቱ ያገኘዋል፤ ደሴቲቱንም በምሽቷና በማለዳዋ ያያታል፤ ሰዓት እያየ ወደ መርከቡ የሚሮጥበት ምክንያትም የለውም። የቤርሙዳ ወቅት በጸደይ ተጀምሮ በመከር የሚያበቃ በመሆኑ ለየካቲት አይሆንዎትም፤ ያነሣሁት በካሪቢያንም ልንፈልግ የሚገባን ምን ዓይነት አሠራር እንደሆነ በደንብ ስለሚያሳይ ነው።

ቀጥሎ የሚቆጠረው ሰዓት ነው። በመርሐ ግብር ላይ የሚጻፈው የመድረሻና የመነሻ ሰዓት የመርከቡ እንጂ የተጓዡ አይደለም። መርከቡ ከታሰረ በኋላ የወደቡ ባለሥልጣናት ፈቃድ እስኪሰጡና መውረጃው እስኪከፈት ድረስ ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይሄዳል፤ ተሳፋሪ ሁሉ ተመልሶ መግባት ያለበት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከመነሻው 30 ደቂቃ በፊት፣ በአንዳንድ ቦታም አንድ ሰዓት በፊት ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቆይታ አንድ ሰዓት ተኩል ይቀንሱ። በላኩልኝ መርሐ ግብር የሳን ሁዋኑ መርከብ በአምስቱም ደሴቶች ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ይቆማል፤ በእያንዳንዱ ሰባት ሰዓት ተኩል፣ በጠቅላላው 37 ሰዓት ተኩል ያህል በእጅዎ ይገባል። የማያሚው መርከብ ሳን ሁዋን የሚገባው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሆኖ ምሽት 3 ሰዓት ይነሣል፤ በሴንት ቶማስ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ይቆያል፤ በባሃማስ በሚገኘው የኩባንያው የግል ደሴት ደግሞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ይቆማል። ተመሳሳዩን ቅናሽ ስናደርግ ድምሩ 19 ሰዓት ተኩል ይሆናል። የግል ደሴቱን ብናወጣው 12 ሰዓት ብቻ ይቀራል።

የግል ደሴቱን ለይቼ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ኮኮ ኬይ፣ ካስታዌይ ኬይ፣ ኦሽን ኬይና ሌሎችም በባሃማስ የሚገኙ የመርከብ ኩባንያዎች ደሴቶች ለዋና እጅግ ምቹ ናቸው፤ አሸዋቸው ንጹሕ ነው፤ ጥላና መቀመጫ በብዛት ተዘጋጅቶላቸዋል። ለእናትዎም ቢሆን ቀላል ቀን ይሆንላቸዋል። ነገር ግን ሕዝብ የሚኖርበት ከተማ፣ ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ አሮጌ ጎዳና የላቸውም፤ የሚያገኟቸው ሰዎች ከእርስዎ ጋር ከአንድ መርከብ የወረዱት ናቸው። እርስዎ «ከተሞቹን በእግር ማየት» ብለው በግልጽ ስለጻፉ፣ እንዲህ ያለውን ቆይታ ከደሴት ቀን ይልቅ እንደ ባሕር ዳርቻ ዕረፍት ቆጥረው በሚዛኑ መካከል ቢያስቀምጡት እመክራለሁ።

እናትዎን በተመለከተ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው መርከቡ በእያንዳንዱ ወደብ መድረክ ላይ ይታሰራል ወይስ ከወደቡ ውጭ መልህቅ ጥሎ ሰዎችን በትንንሽ ጀልባዎች ያመላልሳል የሚለው ነው። በካይማን ደሴቶች መዲና በጆርጅ ታውንና በቤሊዝ ሲቲ ትልልቅ መርከቦች የሚቆሙት በሁለተኛው መንገድ ነው። ጀልባው ከመርከቡ ጎን ከማዕበሉ ጋር ከፍና ዝቅ ይላል፤ ተሳፋሪው ከአንዱ ወደ ሌላው መራመድ አለበት፤ መርከበኞቹ ክንድ ይዘው ይረዳሉ፣ ሆኖም ጉልበቱን ለሚያመው ሰው አስቸጋሪ ነው። ተራ መጠበቁና መሻገሩ ከደሴቱ ጊዜ በመሄጃና በመመለሻ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ ማዕበሉ ከበረታም ካፒቴኑ ቆይታውን ጨርሶ ሊሰርዘው ይችላል። ከዚህም የተነሣ አንድ ወደብ በመርሐ ግብሩ ላይ መጻፉ ብቻ በቂ ሆኖ አይታየኝም፤ ከመክፈልዎ በፊት ኩባንያውን ወይም ወኪሉን ስለ እያንዳንዱ ወደብ በጽሑፍ ይጠይቁ።

አሁን ስለ ባሕሩ ቀን ልናገር፤ ብዙ ሰው ትኩረት የሚነፍገው እሱን ነው። የባሕር ቀን ጥቅሙ የሚወሰነው በመርሐ ግብሩ ውስጥ በሚወድቅበት ቦታ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሲውል ተጓዡ መርከቡን ይለምዳል፤ የጉዞውን ድካም ያወጣል። በመካከል ሲውል፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ደሴቶች በኋላ፣ እግር ያርፋል፤ የታየውም በአእምሮ ይረጋል። በመጨረሻው ቀን ሲውል ግን አብዛኛው ሰዓት ሻንጣ በማዘጋጀት፣ ሒሳብ በማጣራትና የማግሥቱን በረራ በማሰብ ያልቃል። የሳን ሁዋኑ ጉዞ ብቸኛ የባሕር ቀን የወደቀው እዚህ ላይ ነው፤ ከባርቤዶስ ወደ ሳን ሁዋን መመለስ ከአንድ ሌሊት በላይ ስለሚወስድ ቀኑ የመመለሻ ቀን ሆኗል። ከዚያ በፊት አምስት ቀን በተከታታይ ማለዳ ተነሥቶ መውረድ አለ። ለጤነኛ ወጣት ቀላል ሊሆን ይችላል፤ ለደከሙ ባለቤትዎና ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናትዎ ግን ከሦስት ተከታታይ የደሴት ቀናት በላይ አልመክርም። ማንም ሰው በየወደቡ ለመውረድ እንደማይገደድ፣ በወደብ ቀን ከመርከቡ ሳይወርዱ መቅረትም ጸጥታን ለሚወድ መልካም እንደሆነ ግን ልብ ይበሉ፤ ብዙው ሰው ሲወርድ መዋኛውና ሰገነቱ ባዶ ይሆናሉ፤ ሱቆቹና ካዚኖው አብዛኛውን ጊዜ ስለሚዘጉም መርከቡ ዝም ይላል።

ሁለት የባሕር ቀናት ተከታትለው ሲመጡ ደግሞ ከተበታተኑ ሁለት ቀናት የተለየ ነገር ያመጣሉ። በመጀመሪያው ቀን ሰው ገና የሚሠራውን ይፈልጋል፤ መርሐ ግብር ያነባል፤ ወዲያ ወዲህ ይላል። ከሥራ ድካም የወጣ ሰው በእርግጥ የሚያርፈው በሁለተኛው ቀን ነው፤ ይህን በተጓዦች ላይ ደጋግሜ ስላየሁት ለባለቤትዎ በሙሉ እምነት እናገራለሁ። ቀኑ የሚያምረው ግን ዕረፍት የሚገኝበት መርከብ ላይ ከሆነ ነው። በ2024 ሥራ የጀመረው አይከን ኦፍ ዘ ሲስ በየክፍሉ ሁለት ሰው ቢገባ 5610 ተሳፋሪዎችን ይይዛል፤ ባለ ሸራዋ ዊንድ ስታር ደግሞ 148 ተሳፋሪዎችን ብቻ። ትልቁ መርከብ በባሕር ቀን የሚያቀርበው ጨዋታና ትርኢት ብዙ ነው፤ በመዋኛው ዙሪያ ግን ቦታ ለማግኘት ማለዳ መነሣት ይጠይቃል። ትንሹ መርከብ ጸጥታና ትልልቆቹ የማይገቡባቸውን ትንንሽ ወደቦች ይሰጣል፤ ነገር ግን በማዕበል ላይ እንቅስቃሴው ይበልጥ ይሰማል፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል። ለእናንተ መካከለኛ መጠን ያለው፣ ዙሪያውን በእግር የሚዞሩበት ክፍት መተላለፊያ ያለውና አሳንሰር የበዛበት መርከብ ይስማማል፤ አቅም ከፈቀደም በረንዳ ያለው ክፍል ለባለቤትዎ ከማንኛውም ተጨማሪ አገልግሎት ይበልጥ የሚክስ ወጪ ነው።

ስለ ማቅለሽለሹ ሥጋት እውነቱን ልንገርዎ። የካቲት ከአውሎ ነፋሱ ወቅት ውጭ ነው፤ በአትላንቲክ ያ ወቅት የሚቆየው ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። ይሁን እንጂ በየካቲትና በአካባቢው ባሉት ወራት ከምሥራቅ ሳያቋርጥ የሚነፍሰው ነፋስ ይበረታል፤ በተለይ በካሪቢያን መካከለኛ ክፍል ባሕሩ ይናወጣል። በምሥራቁ የደሴቶች ሰንሰለት የሚጓዝ መርከብ በምዕራቡ ጎን ሲሄድ ደሴቶቹ ነፋሱን ስለሚከልሉለት ይረጋጋል፤ በሁለት ደሴቶች መካከል ያለውን ክፍት መተላለፊያ ሲያቋርጥ ደግሞ መወዛወዙ ይመለሳል። ዘመናዊ መርከቦች ከጎናቸው የሚዘረጓቸው ማረጋጊያ ክንፎች ወደ ግራና ቀኝ መወዛወዙን በእጅጉ ይቀንሳሉ፤ የፊትና የኋላ ከፍታና ዝቅታን ግን ያን ያህል አይገቱም። ስለዚህ ክፍል ሲይዙ ከመርከቡ ርዝመት መካከል ላይ፣ ከደርቦቹም ዝቅ ባለው ላይ ይምረጡ፤ ወደ ጫፍና ወደ ላይ በሄዱ ቁጥር እንቅስቃሴው ይጨምራል። መድኃኒት ለመውሰድ ካሰቡ ከሐኪምዎ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩበት፤ ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት ሲወሰድ የበለጠ ይረዳልና። ሲያቅለሸልሽዎት ወደ ሰገነት ወጥተው አድማሱን መመልከትም ይጠቅማል።

እንግዲህ ወደ ምርጫው ስመጣ፣ ከሁለቱ መርሐ ግብሮች አንዱንም በመጀመሪያ ደረጃ አላስቀምጥልዎትም። የማያሚው ለባለቤትዎ ይስማማል፤ ለእርስዎ ግን በከተማ ውስጥ የሚሰጥዎት 12 ሰዓት ብቻ ነው፤ ከዚያም ላይ መርከቡ በሳን ሁዋን ከሚቆምበት ጊዜ ከፊሉ ጨለማ ነው። የሳን ሁዋኑ ለእርስዎ ደስታ ነው፤ ለሌሎቹ ሁለት ግን ይከብዳል። በእኔ ፍርድ ልትፈልጉት የሚገባችሁ ከፎርት ላውደርዴል ወይም ከማያሚ ተነሥቶ ወደ አሩባ፣ ኩራሳዎና ቦኔር የሚሄድ የ8 ሌሊት ጉዞ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ሁለት የባሕር ቀን፣ ሦስት ደሴቶች በተከታታይ፣ ከዚያ ሁለት የባሕር ቀን። ሦስቱ ደሴቶች እጅግ ስለሚቀራረቡ መርከቡ ለማግሥቱ ወደብ መቸኮል የለበትም፤ ብዙ መርሐ ግብሮችም በአንዱ ወይም በሁለቱ ደሴቶች እስከ ምሽት ይቆያሉ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የሚቆም መርከብ ካገኛችሁ፣ ቅናሹን አድርገን እንኳ በአንድ ደሴት 12 ሰዓት ተኩል ታገኛላችሁ፤ ማለዳ ዋና፣ ቀትር ላይ ወደ ክፍል ተመልሶ ዕረፍት፣ አመሻሽ ላይ ነፋሻማ ጎዳና።

ለሦስታችሁም የሚበቃ ነገር አላቸው። በአሩባ ኦራንዬስታድ፣ በኩራሳዎ ቪለምስታድ፣ በቦኔር ክራሌንዳይክ መርከቦች የሚታሰሩት ለከተማው ቅርብ በሆነ መድረክ ላይ ስለሆነ እናትዎ የጀልባ ሥጋት አይኖርባቸውም። የቪለምስታድ ታሪካዊ ክፍል ከ1997 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን፣ ሁለቱን ሠፈሮች የሚያገናኘው በ1888 የተሠራው ተንሳፋፊ የንግሥት ኤማ ድልድይ መርከብ ሲያልፍ በአንድ ጎኑ ተከፍቶ ይጠብቃል፤ በቀለም ያሸበረቁትን የወደብ ዳር ቤቶች ማየት ለእግር ጉዞ ወዳድ ብቻውን ግማሽ ቀን ይሞላል። በቦኔር ደግሞ ከ1979 ጀምሮ የተከለለው የባሕር ፓርክ ደሴቲቱን ስለሚከብ፣ የውሃ ውስጥ መነጽር አድርገው ከዳርቻ ጥቂት ሜትር በመዋኘት ብቻ ኮራል የተባለውን የባሕር ድንጋይና ዓሦቹን ያያሉ። የዚህ ጉዞ ጉድለት ከላይ ያልኩት የመካከለኛው ካሪቢያን ነፋስ ነው፤ ለእርስዎ የመርከቡ መካከልና ዝቅተኛ ደርብ ምርጫ ሳይሆን ቅድመ ሁኔታ ይሁንልዎት። ነፋሱ እጅግ ካስፈራዎት ግን ወደ ሳን ሁዋኑ ዓይነት ይመለሱና የባሕር ቀኑ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ላይ የሚውልበትን፣ ከሳን ሁዋን ወይም ከባርቤዶስ የሚነሣ መርሐ ግብር ይፈልጉ።

ሲዋዋሉ ሁለት ነገር ያስተውሉ። የጉዞ ውሉ ኩባንያው በአየር ሁኔታ፣ በቴክኒክ ችግር ወይም በሌላ ምክንያት ወደብ እንዲቀይር ወይም እንዲሰርዝ ይፈቅድለታል፤ በዚያን ጊዜ የሚመለስልዎት አብዛኛውን ጊዜ የወደቡ ቀረጥና ክፍያ ብቻ ነው። በአንድ ቆይታ ላይ ሁሉን ተስፋ ማድረግ የማይገባውም ለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ በመረጡት ቀን በየወደቡ ስንት ሌሎች መርከቦች እንደሚቆሙ ወደቦቹ ከሚያወጡት የመርከቦች መግቢያ ሰሌዳ ይመልከቱ፤ በአንድ ትንሽ ከተማ አራት ትልልቅ መርከቦች በአንድ ጠዋት ሲያራግፉ ታክሲውም ዳርቻውም ይጨናነቃል።

ማያሚም፣ ፎርት ላውደርዴልም፣ ሳን ሁዋንም በአሜሪካ አስተዳደር ሥር ስለሆኑ፣ ቪዛ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ መርከቡ ወጥቶ ሲመለስ እንደገና መግባት አለና። የየደሴቶቹን የመግቢያ ሕግ በፓስፖርታችሁ መሠረት ለየብቻ አጣሩ። ወደ መነሻው ከተማም ቢያንስ አንድ ቀን ቀድማችሁ ብትደርሱና እዚያው ብታድሩ እመርጣለሁ፤ አውሮፕላን ቢዘገይ መርከቡ አይጠብቅም፣ እናትዎም ከረጅም በረራ በኋላ በዚያው ቀን በወደብ ሰልፍ ከመቆም ይድናሉ።